ሉቴሺየም፣ ወርኃዊ መርፌ ወይስ እንክብል፦ የኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ ሕክምና ለሚመርጡ የሰሜን ሸዋ ቤተሰቦች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ የሚባለው ካንሰር ሆርሞን ከሚያመነጩ ሕዋሳት የሚነሳ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በትንሹ አንጀት፣ በቆሽት፣ በሳንባ፣ በትርፍ አንጀትና በፊንጢጣ አካባቢ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ታማሚው ለዓመታት በጨጓራ፣ በአሜባ ወይም በምች ስም ሲታከም ይቆይና ዕጢው ወደ ጉበት ከተሰራጨ በኋላ ይታወቃል። አንድ መለኪያ አረቄ ከቀመሱ በኋላ ፊትና አንገት በድንገት ሲግል፣ ሌሊት ጭምር የሚያስነሳ ውኃ የመሰለ ተቅማጥ ሲመላለስ፣ አስም የሚመስል የትንፋሽ ማጠር ሲጨመርበት በሽታውን መጠርጠር ይገባል። የፊቱ መቅላት በጠይም ቆዳ ላይ ጎልቶ ላይታይ ስለሚችል፣ ሐኪሙ ከሚያየው ይልቅ ታማሚው የሚናገረው ሙቀት የተሻለ ምልክት ነው።

በሽታው በስሙ ከታወቀ በኋላ ቤተሰቡ የሚሰማው ምክር ብዙና የተለያየ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ደውሎ «ሉቴሺየም የሚባል አዲስ ጨረር አለ፣ ቶሎ ህንድ ውሰዷቸው» ይላል፤ ሐኪሙ በየወሩ ስለሚወጋ መርፌ ያወራል፤ ሌላው ደግሞ «ኬሞ ካልተጀመረ ጊዜው ያልፋል» ብሎ ያስፈራራል። ሦስቱም ለተወሰኑ ታማሚዎች ትክክል ናቸው። ይህ መመሪያ የሚይዘው አቋም ቤተሰቡ ያለው ገንዘብ ከየትኛውም ሕክምና በፊት የዕጢውን ጠባይ ለሚለዩት ሁለት ምርመራዎች መዋል አለበት የሚል ነው፤ እነርሱ ሳይሠሩ መሬት አከራይቶ ወይም በሬ ሸጦ ወደ ውጭ መብረር ብዙ ጊዜ ያለ ሕክምና መመለስን ያስከትላል።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ የዕጢው ደረጃ ነው። ፓቶሎጂስቱ (ናሙና የሚመረምረው ሐኪም) ከዕጢው በተወሰደው ናሙና ውስጥ ምን ያህሉ ሕዋስ በመከፋፈል ላይ እንዳለ ኪ-67 በሚባል ቀለም ይቆጥራል። ከ3 በመቶ በታች ከሆነ 1ኛ ደረጃ፣ ከ3 እስከ 20 በመቶ 2ኛ ደረጃ፣ ከ20 በመቶ በላይ 3ኛ ደረጃ ይባላል። ከቁጥሩ ጎን የሕዋሱ ቅርጽ መጻፍ አለበት፤ ቅርጹን የጠበቀ 3ኛ ደረጃ ዕጢና ቅርጹ ፈጽሞ የተበላሸው ኒውሮኢንዶክራይን ካርሲኖማ ቁጥራቸው ቢቀራረብም ሕክምናቸው የተለያየ ነው። የፓቶሎጂው ወረቀት ላይ የበሽታው ስም ብቻ ሰፍሮ ኪ-67 ከሌለ ወረቀቱ ግማሽ ነው፤ ታማሚውን እንደገና መውጋት ግን አያስፈልግም፤ በሰም ውስጥ የተቀመጠውን ናሙና ከላቦራቶሪው ተቀብሎ ምርመራው ወደሚሠራበት ቦታ መውሰድ ይቻላል።

ሁለተኛው፣ ለሉቴሺየም ደግሞ ወሳኙ መመዘኛ፣ ዕጢው በላዩ ላይ የሶማቶስታቲን ሪሴፕተር ያለው መሆኑ ነው። ሶማቶስታቲን ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው፣ ሌሎች ሆርሞኖችን የሚያረጋጋ ንጥረ ነገር ነው፤ አብዛኞቹ ቀስ ብለው የሚያድጉ ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢዎች ይህን ንጥረ ነገር የሚይዝ ሪሴፕተር በብዛት ይሸከማሉ። ሪሴፕተሩን የሚያሳየው ምርጡ ምርመራ ጋሊየም-68 ዶታቴት የተባለ መድኃኒት ተወግቶ የሚነሳው ፔት ስካን ነው። የጋሊየም-68 ግማሽ ዕድሜ (ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 68 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ በተዘጋጀበት አካባቢ ወዲያው መወጋት አለበት፤ ምርመራው በየከተማው የማይገኘውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በጋማ ካሜራ የሚሠራ የቆየ ዓይነት ስካንም አለ፤ ጥራቱ ዝቅ ቢልም ካለመኖር እጅግ ይሻላል። በስካኑ ላይ ዕጢው ከጤናማው ጉበት ይበልጥ ማብራት አለበት፤ ካላበራ ሉቴሺየሙ የሚያርፍበት ቦታ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ናይሮቢ ወይም ሌላ ቦታ «ፔት ስካን አለ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ስኳር መሰል መድኃኒት የሚወጋበት የተለመደው ፔት ነው። ያ ምርመራ ፈጣን ካንሰርን ያሳያል እንጂ ስለ ሶማቶስታቲን ሪሴፕተር አይናገርም። ቀጠሮ ከመያዙ በፊት የሚወጋው መድኃኒት ዶታቴት፣ ዶታቶክ ወይም ዶታኖክ መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ ትልቅ ወጪ ያድናል።

ሦስተኛው መመዘኛ የዕድገቱ ፍጥነት ነው። ይህም በአንድ ሲቲ ስካን አይታወቅም፤ በወራት ልዩነት የተነሱ ሁለት ሲቲዎች መነጻጸር ስላለባቸው የመጀመሪያው ሲዲ መጥፋት የለበትም። የሆርሞን ምልክት መኖር አለመኖሩ፣ የኩላሊትና የአጥንት መቅኔ ብቃት፣ ከዚያም ሕክምናው ስንት ጊዜ መመላለስን እንደሚጠይቅ ቀጥለው ይመዘናሉ። ከመሃል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ለሚነሳ ሰው፣ አዲስ አበባ ለመድረስ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን በሚያልፍበት አገር፣ ይህ የመጨረሻው መመዘኛ ከሕክምናው ጥራት ያላነሰ ክብደት አለው።

መጠበቅና ቀዶ ሕክምና

ዕጢው ትንሽ፣ 1ኛ ደረጃ፣ ምልክት አልባና የማያድግ ከሆነ በየጥቂት ወሩ እያዩ መጠበቅ የታወቀ የሕክምና ውሳኔ ነው፤ ሐኪሙ ታማሚውን ቸል አለው ማለት አይደለም። ያልተሰራጨን ዕጢ ሙሉ በሙሉ የማዳን ዕድል ያለው ግን ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። ስለዚህ «ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል?» የሚለው ጥያቄ ከመድኃኒት ወሬ ሁሉ በፊት ለቀዶ ሐኪም መቅረብ ይኖርበታል። ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት አማራጮች ዕጢው ተሰራጭቶ ወይም ቦታው አስቸጋሪ ሆኖ መቁረጥ ለማይቻልባቸው ሰዎች ናቸው።

ወርኃዊው መርፌ

ኦክትሪዮታይድና ላንሪዮታይድ ሶማቶስታቲንን የሚመስሉ መድኃኒቶች ሲሆኑ፣ ረጅም ጊዜ የሚቆየው ዓይነታቸው በየ4 ሳምንቱ ይወጋል። ሁለት ሥራ ይሠራሉ፤ ተቅማጡንና ትኩሳት መሰል ግለቱን ያረጋጋሉ፣ የዕጢውንም ዕድገት ያዘገያሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ፕሮሚድ በተባለው ጥናት ኦክትሪዮታይድ የወሰዱት የትንሹ አንጀት ታማሚዎች ዕጢያቸው ሳያድግ የቆየው በአማካይ 14.3 ወር ሲሆን መድኃኒት አልባ መርፌ የወሰዱት ግን 6 ወር ነበር። በ2014 የወጣው ክላሪኔት ጥናት ደግሞ ከ2 ዓመት በኋላ ላንሪዮታይድ ከወሰዱት 65 በመቶው፣ ካልወሰዱት 33 በመቶው ዕጢያቸው ሳያድግ መቆየቱን አሳይቷል። ዕጢውን ማሳነስ ግን ከእነዚህ መርፌዎች እምብዛም አይጠበቅም።

የመርፌው ችግር አያያዙ ላይ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ፍሪጅን አይተካም፣ መብራት ጠፍቶ ሲቆይም መድኃኒቱ ይጎዳል፣ ከበረዶ ጋር ተነካክቶ በረዶ ከሠራ ደግሞ አይወጋም። ኦክትሪዮታይዱ ዱቄት ስለሆነ ከመወጋቱ በፊት ከፍሪጅ ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት ማግኘት፣ ከዚያ ከራሱ ፈሳሽ ጋር ተበጥብጦ ወዲያውኑ በመቀመጫ ጡንቻ ውስጥ መወጋት አለበት። ነርሷ በጥብጣ ሌላ ሥራ ይዛ ከዘገየች ዱቄቱ ይዘቅጥና መርፌውን ይደፍናል፤ የአንድ ወር መድኃኒት በዚያው ይባክናል። ላንሪዮታይዱ ተዘጋጅቶ በሲሪንጅ ስለሚመጣ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። የሐሞት ጠጠር፣ የስኳር መጠን መዛባትና ቅባት የበዛበት ሰገራ የሚጠበቁ ጉዳቶች ናቸው።

እንክብሎቹ

ኤቨሮሊመስ በቀን 10 ሚሊግራም የሚዋጥ ሲሆን፣ በ2011 በወጣው ጥናት የቆሽት ዕጢን ሳያድግ ያቆየበት ጊዜ 11 ወር፣ ባዶ እንክብል ለወሰዱት ደግሞ 4.6 ወር ነበር። ሱኒቲኒብም ለቆሽት ዕጢ ተቀራራቢ ውጤት አለው፤ 11.4 ወር በ5.5 ወር ላይ። ካቦዛንቲኒብ ከእነዚህ በኋላ የመጣ ሲሆን ሌሎች መድኃኒቶች ከሠሩ በኋላ ዕጢው ሲያመልጥ የሚታሰብ ነው።

እንክብል ቤት ተቀምጦ የሚወሰድ መሆኑ ትልቅ ጥቅሙ ነው፤ ህንድ ውስጥ የሚመረት ጀነሪክ (ያለ ዋናው ኩባንያ ስም የሚሸጥ) ኤቨሮሊመስ መኖሩም ዋጋውን ያቀልለዋል። ነገር ግን ኤቨሮሊመስ አፍን ያቆስላል፤ በርበሬ የለመደ ሰው ለሳምንታት አልጫ ፍትፍት ብቻ ለመብላት ይገደዳል። የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ሳንባን ያስቆጣል፣ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ተደብቆ የቆየ ቲቢን ሊቀሰቅስ ይችላል። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ የኤቨሮሊመስን መጠን በደም ውስጥ በጣም ስለሚቀንሰው፣ ቲቢ እየታከመ ያለ ሰው ይህን ለካንሰር ሐኪሙ ሳይናገር እንክብሉን መጀመር የለበትም።

ከእንክብል ወገን የሚቆጠረው ሌላው አማራጭ ካፔሲታቢንና ቴሞዞሎማይድ የተባሉት ኬሞዎች ጥምረት ነው። በ28 ቀን ዙር የሚዋጥ ሲሆን ለቆሽት ዕጢ 22.7 ወር ያህል ያለ ዕድገት ማቆየቱ ታይቷል። ዕጢውን የማሳነስ አቅሙ ከሌሎቹ እንክብሎች ስለሚበልጥ ዕጢው ሆድ ሞልቶ ለሚያስጨንቀው ሰው ጠቃሚ ነው። የትንሹ አንጀት ዕጢ ላይ ግን ይህ ኬሞ ደካማ ነው።

ሉቴሺየም-177 ዶታቴት

ሐሳቡ ይህ ነው፤ ከዕጢው ሪሴፕተር ጋር የሚገጣጠም መድኃኒት ላይ ጨረር የሚያወጣ ሉቴሺየም-177 ይታሰርና በደም ሥር ይሰጣል። ደም የወሰደው መድኃኒት ዕጢው ባለበት ሁሉ፣ ጉበት ላይም አጥንት ላይም፣ ራሱን ይለጥፋል፤ የሚያወጣው የቤታ ጨረር ቢበዛ 2 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሚጓዝ አጠገቡ ያለውን የዕጢ ሕዋስ ይገድላል፣ ራቅ ያለውን አካል ግን በአብዛኛው ይምራል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የቆየው ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ከዚህ የተለየ ነው፤ ይህኛው ሕክምና ይበልጥ የሚቀርበው ለእንቅርትና ለታይሮይድ ካንሰር የሚሰጠውን፣ ጨረር የሚያወጣ የሚዋጥ አዮዲን ነው።

መደበኛው አሰጣጥ በየ8 ሳምንቱ 7.4 ጊጋቤክሬል (የጨረር መጠን መለኪያ)፣ በድምሩ 4 ጊዜ ነው። የሕክምናው ቀን እንዲህ ይውላል፤ መጀመሪያ የማስታወክ መከላከያ ይሰጣል፣ ቀጥሎ ኩላሊትን የሚጠብቅ ላይሲንና አርጂኒን የያዘ ፈሳሽ ለ4 ሰዓት ያህል ይንጠባጠባል፣ እርሱ በተጀመረ በግማሽ ሰዓት ገደማ ሉቴሺየሙ ራሱ ለ30 ደቂቃ ያህል ይገባል። ብዙ ታማሚ የሚያቅለሸልሸው ከጨረሩ ይልቅ ከዚያ የኩላሊት መጠበቂያ ፈሳሽ ነው።

ውጤቱን ያሳየው ዋናው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ኔተር-1 ሲሆን፣ መርፌው እየተሰጣቸው የትንሹ አንጀት አካባቢ ዕጢያቸው ያደገባቸውን 229 ታማሚዎች ያካተተ ነበር። በ20ኛው ወር ላይ ሉቴሺየም ከወሰዱት 65.2 በመቶው፣ የኦክትሪዮታይድ መጠን ተጨምሮ ከተሰጣቸው ደግሞ 10.8 በመቶው ብቻ ዕጢያቸው ሳያድግ ቆይቷል። ዕጢው በግልጽ ያነሰላቸው ግን 18 በመቶ ነበሩ። በመጨረሻው ግምገማ ሉቴሺየም የወሰዱት በሕይወት የቆዩበት አማካይ ጊዜ 48 ወር ከሌሎቹ 36.3 ወር ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን እርግጠኛ ለመባል አልበቃም። እነዚህን ቁጥሮች አንድ ላይ ማንበብ ይገባል፤ ሕክምናው ዕጢውን ለረጅም ጊዜ ያስቆማል፣ አንዳንዴ ያሳንሳል፣ አያጠፋውም። «ህንድ ሄዶ ድኖ መጣ» የሚለውን ወሬ የሚያወራ ሰው ብዙ ጊዜ እያወራ ያለው ስለ ቆመ ዕጢ ነው፤ ይህም ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

በ2024 የወጣው ኔተር-2 ደግሞ ኪ-67 ከ10 እስከ 55 በመቶ ለሆነባቸው ታማሚዎች ሉቴሺየም ከመጀመሪያው ቢሰጥ ያለ ዕድገት የሚቆዩበትን ጊዜ ከ8.5 ወደ 22.8 ወር እንደሚያራዝም አሳይቷል። ኮምፒት በተባለው ጥናት ተቀራራቢ የሆነው ሉቴሺየም ኤዶትሪዮታይድ ፊት ለፊት ከኤቨሮሊመስ ጋር ተወዳድሮ 23.9 ወር በ14.1 ወር በልጧል። ስለዚህ ሪሴፕተሩ ከታየና ዕጢው እያደገ ከሆነ፣ ከእንክብሉ ሉቴሺየሙን ማስቀደም በእኔ ግምት ትክክለኛው ቅደም ተከተል ነው።

ጉዳቱን በተመለከተ የደም ሕዋሳት ለሳምንታት ይቀንሳሉ፤ ከ100 ታማሚዎች 2 ወይም 3 ያህሉ ዘግይቶ የሚመጣ የአጥንት መቅኔ በሽታ ሊያገኛቸው ይችላል። እርጉዝ ሴት አትወስደውም፤ ከመጨረሻው ዙር በኋላ ሴት ለ7 ወር፣ ወንድ ለ4 ወር እርግዝናን መከላከል አለባቸው። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰውም አይመረጥም።

ከሉቴሺየም ሌላ ኢትሪየም-90 እና አክቲኒየም-225 የሚባሉ ስሞች ይሰማሉ። ኢትሪየሙ ጨረሩ እስከ 11 ሚሊሜትር ድረስ ስለሚሄድ ለትልልቅ ዕጢ ቢታሰብም ኩላሊትን ይበልጥ ይጎዳል። አክቲኒየሙ የአልፋ ጨረር የሚያወጣ ብርቱ ነገር ሲሆን ዋና ቦታው ጥናት ላይ ነው፤ ከጥናት ውጭ በገንዘብ ብቻ የሚያቀርብ ቦታ ካለ ጥንቃቄ ያሻል። ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጠው ሉቴሺየምም ሌላ መድኃኒት ነው፤ ስማቸው ቢመሳሰልም አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

| አማራጭ | የሚስማማው | ዋና ጥቅም | ዋና ጉዳት | ጉዞና ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ወርኃዊ መርፌ | 1ኛና 2ኛ ደረጃ፣ የሆርሞን ምልክት ያለው | ምልክትን ያረጋጋል፣ ዕድገትን ያዘገያል | የሐሞት ጠጠር፣ ስኳር መዛባት | ወርኃዊ ወጪ ለዓመታት፤ ፍሪጅ ይፈልጋል |
| ኤቨሮሊመስ | የሚያድግ፣ ሪሴፕተሩ ያልታየም ቢሆን | ቤት ይወሰዳል | የአፍ ቁስል፣ ስኳር፣ ሳንባ፣ ቲቢ | ጀነሪክ አለ፤ ክትትል በየወሩ |
| ካፔሲታቢንና ቴሞዞሎማይድ | የቆሽት ዕጢ | ዕጢን ያሳንሳል | የደም ሕዋስ መቀነስ | ቤት ይወሰዳል፤ የደም ምርመራ |
| ሉቴሺየም-177 | ሪሴፕተሩ በስካን የታየ፣ የሚያድግ | ረጅሙ የእፎይታ ጊዜ | የአጥንት መቅኔ፣ ኩላሊት | 4 ጉዞ በ6 ወር ገደማ፤ ከፍተኛ ወጪ በአንዴ |
| ፕላቲነም ኬሞ (ሲስፕላቲን ወይም ካርቦፕላቲን) | ቅርጹ የተበላሸ ካርሲኖማ | ፈጣኑን ዕጢ ይገታል | ማስታወክ፣ የነጭ ደም ሕዋስ መቀነስ | አዲስ አበባ |

ለየትኛው ታማሚ የትኛው

ተቅማጥና ግለት ያስቸገረው፣ ስካን ለማግኘት ገና ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰው መርፌውን መጀመር ይችላል፤ ጊዜ አያባክንም፣ በኋላ ሉቴሺየም ቢወስድም መርፌው ይቀጥላል። መርፌ እየወሰደ ዕጢው ያደገበትና በስካን ከጉበቱ በላይ ያበራ ሰው ዕድሜው ቢገፋም እንኳ ለሉቴሺየም ተመራጭ ነው። ስካኑ ያላበራለት ሰው ለሉቴሺየም መጓዝ የለበትም፤ ኤቨሮሊመስ ወይም፣ ዕጢው የቆሽት ከሆነ፣ የካፔሲታቢኑ ጥምረት ይቀርበዋል። በሽታው ጉበት ላይ ብቻ ያለበት ሰው ወደ ጉበት የሚሄደውን የደም ሥር የመድፈን ሕክምና ይጠይቅ። ቅርጹ የተበላሸ ካርሲኖማ ያለበት ሰው ደግሞ ስካን ፍለጋ ሳምንታት ማባከን አይገባውም፤ ሲስፕላቲን ወይም ካርቦፕላቲን ከኢቶፖሳይድ ጋር ቶሎ መጀመር አለበት፣ እነዚህም እዚሁ አገር የሚታወቁ መድኃኒቶች ናቸው።

አቅሙ አንዴ ብቻ ለመጓዝ ለሚበቃ ቤተሰብ ምክሬ ጠንከር ያለ ነው፤ አንድ ዙር ወስዶ ማቋረጥ ከሆነ ገንዘቡ ለመርፌው ወይም ለጀነሪኩ እንክብል ቢውል ይሻላል። ዕድሩም፣ ልጆቹም፣ ውጭ ያለው ዘመድም ቃል የሚገቡት የ4ቱን ዙር ወጪ ቆጥረው ይሁን። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አገር ውስጥ ያለውን ምርመራና ሕክምና ያቀልላል እንጂ የውጭ ጉዞን አይሸፍንም። ህንድ ዋጋው የሚቀልበት አንዱ ምክንያት ሉቴሺየሙ ሙምባይ በሚገኘው ባባ የአቶሚክ ምርምር ማዕከል መመረቱ ነው፤ ኒው ዴልሂ ያለው ኤይምስና ሙምባይ ያለው ታታ መታሰቢያ ሆስፒታል በዚህ ሕክምና የቆየ ልምድ ያላቸው የመንግሥት ድጋፍ ያላቸው ተቋማት ናቸው፤ ደላላ ከሚጠቁመው የግል ሆስፒታል ጋር ዋጋቸውን ማወዳደር ይጠቅማል።

ቀጠሮ፣ ጉዞና ቤት

የሉቴሺየም-177 ግማሽ ዕድሜ 6.6 ቀን ገደማ ስለሆነ መድኃኒቱ የሚታዘዘው ለተወሰነ ቀን ነው። ቪዛ ዘግይቶ ወይም መንገድ ተዘግቶ ታማሚው በቀኑ ካልደረሰ የተከፈለበት መድኃኒት ኃይሉን እያጣ ይሄዳል። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ርቆ የሚኖር ሰው ከቀጠሮው ቀናት ቀድሞ አዲስ አበባ ቢገባ ይመረጣል። ረጅም ጊዜ የሚቆየው ኦክትሪዮታይድ ከሉቴሺየሙ 4 ሳምንት በፊት፣ አጭሩ ደግሞ 24 ሰዓት በፊት መቆም ስላለበት የመጨረሻው መርፌ የተወጋበት ቀን በሪፈር ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

ከዕጢው ጋር ያልተያያዘው ሉቴሺየም በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት በሽንት ይወጣል። ውኃ በብዛት መጠጣት፣ ተቀምጦ መሽናት፣ እጅን በሳሙና ደጋግሞ መታጠብ ይታዘዛል፤ ቁጢጥ ብሎ በሚሸናበት ጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ሽንት እንዳይረጭ መጠንቀቅና ኋላ ወለሉን በውኃ ማውረድ ያስፈልጋል። ሆስፒታሉ በሚወስነው የቀን ብዛት ታማሚው ከሕፃናትና ከእርጉዝ ሴት ርቆ ብቻውን ይተኛል። በመንዝ የድንጋይ ቤት፣ አያት ከልጅ ልጅ ጋር በአንድ መደብ በሚተኛበት፣ ይህን አስቀድሞ ማዘጋጀት ግድ ነው። ከላምበረት በሚነሳ ጠባብ ሚኒባስ ተጨናንቆ ከመመለስም ለእነዚያ ቀናት አዲስ አበባ ቆይቶ መጓዝ ይሻላል። በአየር ማረፊያ የጨረር መቆጣጠሪያ መሣሪያ ሊጮህ ስለሚችል ሆስፒታሉ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ።

በዙሮቹ መካከል የሚያስፈልገው የደም ሕዋስ፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሊሠራ ይችላል፤ ውጤቱን ፎቶ አንስቶ ለሚያክመው ሐኪም በቴሌግራም መላክ ይበቃል። ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሕዋስ) ወይም ነጭ የደም ሕዋስ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ቀጣዩ ዙር ይራዘማል ወይም መጠኑ ይቀነሳል፤ ይህን ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ማወቅ ያስፈልጋል። አራተኛው ዙር ካለቀ በኋላም የደም ቆጠራው ለዓመታት በየጊዜው ይቀጥላል፤ የአጥንት መቅኔው በሽታ ዘግይቶ የሚመጣ ስለሆነ ሰውዬው ደህና ነኝ ባለበት ጊዜም ምርመራው አይቋረጥም።